ግስና ቨርብ፦ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎቻችንና ለወላጆች

በዚህ እትም ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው መጠሪያዎች ትንሽ እናወጋለን። የመምህራን ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ልጆቻችን ስንተኛ ክፍል እንደሚገቡ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይኸው ነው።

እዚህ ጎዶማ ያለን ሁሉ እናውቀዋለን። ከድንበሩ ማዶ 7ኛ ክፍል ደርሶ የመጣ ልጅ ሲመዘገብ ሁለት ሦስት ክፍል ዝቅ ይላል። ለምን ሲባል «እንግሊዝኛ አይችልም» ነው መልሱ። እርግጥ በኬንያ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአገራችን ግን በአብዛኛው እስከ 6ኛ ወይም እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የ14 ዓመት ልጅ የፈተና ወረቀቱን ይዞልን መጣ። «አድጀክቲቩን አስምሩ» የሚለውን ባዶውን ትቶታል። «ቅጽሉ የቱ ነው?» ስንለው ሳያመነታ «ቢግ» የሚለው ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ። ታዲያ ይሄ ልጅ ሰዋስው አያውቅም ይባላል እንዴ?

ልጆች፣ እርሳስ ያዙ። ናውን ያው ስም ነው፤ ፕሮናውን ተውላጠ ስም፣ ቨርብ ግስ፣ አድጀክቲቭ ቅጽል፣ አድቨርብ ተውሳከ ግስ፣ ፕሪፖዚሽን መስተዋድድ፣ ኮንጃንክሽን መስተጻምር፣ ኢንተርጀክሽን ቃለ አጋኖ። ስምንት ናቸው። እኛ ከድሮዎቹ የሰዋስው መጻሕፍት የተማርናቸው ስምንቱ እነዚሁ ነበሩ። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባወጡት «የአማርኛ ሰዋስው» ወደ አምስት አውርደዋቸዋል፤ ለእንግሊዝኛው ግን ስምንቱን መያዝ ይበጃል። በኪስዋሂሊ ክፍለ ጊዜ ኖሚኖ፣ ኪተንዚ፣ ኪቩሚሺ ሲባል የምትሰሙትም ስም፣ ግስና ቅጽል ነው።

መጠሪያው ቢገጥምም ሥራው የማይገጥምበት ቦታ አለ፤ ልጆቻችን የሚወድቁትም እዚያ ላይ ነው። ዋናው ግስ ነው። የኛ ግስ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። «መጣች» ስንል ሴት መሆኗም፣ አንድ መሆኗም፣ ድርጊቱ ማለፉም በአንድ ቃል አለቀ። እንግሊዝኛው «ኬም» ብሎ ዝም ይላል፤ ማን እንደመጣ አይናገርም። ስለዚህ «ሺ ኬም» ማለት ግዴታ ነው። ልጆቻችን «ኬም ፍሮም ማርኬት» ብለው የሚጽፉት ሰንፈው አይደለም፣ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ያለ እየመሰላቸው ነው። መስተዋድድም እንደዚሁ። እኛ «ቤት ውስጥ» እንላለን፣ ቤቱ ይቀድማል፤ እነሱ ዘንድ «ኢን» ከፊት ነው። «ዘ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ደግሞ እኛ «ቤቱ»፣ «በሬው» እያልን ከኋላ ነው የምንለጥፋት።

ወደ ሥነ ጽሑፍ ስንመጣ ቲም ጭብጥ ነው፣ ካራክተር ገጸ ባሕርይ ነው። ፕሎት ሴራ ነው፤ የሚገርመው በሁለቱም ቋንቋ ቃሉ ለተንኮለኛ ሰው ምክርም ያገለግላል። «እንደ አንበሳ ነው» ብንል ሲሚሊ፣ «አንበሳ ነው» ብንል ሜታፎር ይሆናል። እኛ የምንወደው ግን መቼት ነው፣ እነሱ ሴቲንግ የሚሉት። «መቼ»ና «የት» ተጋብተው የወለዱት ቃል ስለሆነ ትርጉሙን ራሱ ይናገራል። ሞያሌ ላይ ደግሞ «መቼ» ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ ብሎ የጻፈ ልጅ በእንግሊዝኛ «ኤይት» ማለት አለበት፤ «ቱ» ካለ መምህሩ ወይ ሌሊት ወይ ከሰዓት በኋላ አድርጎ ነው የሚያነበው። ኪስዋሂሊ ግን «ሳ ምቢሊ» ብሎ እንደኛው ሁለት ይላል፣ እግዜር ይስጠው።

ወላጆች፣ ልጅ ስታስመዘግቡ የማዶውን ካርድና የአማርኛ ደብተሩን አብራችሁ ውሰዱ። መምህሩ ስለ አድቨርብ ሲጠይቅ አማርኛ የሚችል ሰው አጠገቡ ይኑር፣ «ተውሳከ ግስ» ብሎ ሹክ የሚለው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ማስተርጎም ነው።

ለልጆች የቤት ሥራ፦ «እህቴ ትናንት ከገበያ ቶሎ መጣች» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉና ከእያንዳንዱ ቃል በላይ መጠሪያውን በሁለቱም ቋንቋ አስፍሩ። መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።