እታለም፣ የሐይቅ ማዶዋ

እታለም፣ ምነው በዘመንሽ ሳልደርስ ቀረሁ! ፈረንጆቹ 1927 በሚሉት፣ በእኛ በ1920 ዓ.ም. መስከረም፣ አንቺ ኒውዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታዪ የእኛው የእስቴ መካነ ኢየሱስ ጉብታ ሁሉ አደይ ለብሶ ነበር። ወሬሽን ግን ማን ይንገረን? አዲስ አበባ እንኳ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብላ የምትሸሽበት ጊዜ ነው። እስቴ ድረስ ማን ያምጣሽ?

ስም እንኳ አላወጡልሽም። ጀርመናዊው ሙርናው «ሰንራይዝ» ባለው ፊልሙ አንቺን «ሚስት»፣ ባልሽን «ሰውየው»፣ ያቺን ትዳርሽን የበጠበጠችውን «የከተማዋ ሴት» ብሎ አለፈ። ፊቷን ያዋሰችሽ ጃኔት ጌይነር ናት። ስም ስለሌለሽ እኔ እታለም አልኩሽ፤ የገጠር ሴት ነሽና፣ ልጅ አቅፈሽ ባል የምትጠብቂ ነሽና አይከፋሽም።

«እርሻህን ሽጥ፣ እሷን ሐይቅ ውስጥ ጨምራት» አለችው የከተማዋ ሴት። ታንኳዋ ተገለበጠች ብሎ እንዲያወራ፣ እሱ ግን የሚንሳፈፍበት እስር ቄጠማ እንዲይዝ መከረችው። እዚህ ስደርስ ሆዴ ይላወሳል። ከእኛ በስተምዕራብ፣ ከደራና ከፎገራ ባሻገር፣ የጣና ሰው ደንገል አስሮ ታንኳ ያደርጋል፤ በውሃ ላይ ሣር ነፍስ እንደሚሸከም እናውቃለን። ለገዳዩ መዳኛ የተደበቀው ያ ቄጠማ፣ ኋላ ማዕበሉ ሲነሳ፣ በዚያው በባልሽ እጅ አንቺ ገላ ላይ ታሰረ። የተረፍሽው በእሱ ነው።

ከሁሉ የማይወጣልኝ ግን ኬኩ ነው። ሊገድልሽ ተነስቶ እጁ አልታዘዝ ብሎት፣ አንቺም ሸሽተሽ፣ እሱ ተከትሎሽ ከተማ ከገባችሁ በኋላ አንድ ቤት አስቀምጦ ሰሃን አቀረበልሽ። ቁራሽ አነሳሽ። አፍሽ አደረስሽው። አልወርድ አለሽ፤ አቀርቅረሽ አለቀስሽ። ምንም አልተባለም። በሌሊት ወፍጮ ላይ ተደፍተው የሚያንጎራጉሩ እናቶቻችን ይህን ቁራሽ ያውቁታል፤ ከእንባ ጋር የሚዋጥ እህል ለእነሱ እንግዳ አይደለም። ቢያዩሽ ኖሮ ማን አስተርጉሙልን ይል ነበር?

ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ፣ የማታውቋቸው ሙሽሮች ቃል ሲገቡ ሰምቶ ባልሽ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ ስትወጡ እናንተው ሙሽሮች ሆናችኋል። ማታ ማዕበሉ ከወሰደሽ በኋላም ሐይቁ ላይ ሲጣራ ድምፁ አይሰማም። በእሱ ፈንታ የሚጮኸው ቀንደ መለከት ነው። እንዲያ ያለ ጥሪ ከሰው ጉሮሮ ሰምቼ አላውቅም።

አንቺ በታየሽ በ13ኛው ቀን «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም አፉን ከፈተ። ያ የዝምታ ጥበብ አርጅቶ ቢሞት ባልተቆጨሁ። ገና ማማሩ ነበር እንጂ! በዚያው ዓመት ዳይሬክተሩ ቦርዜጅ «ሰባተኛው ሰማይ»ን ሠርቷል፤ በዓመቱ ተዋናይቷ ሊሊያን ጊሽ «ነፋሱ» ውስጥ ከአሸዋ ጋር ታግላለች። ከዚያ ሁሉም ለወሬ ተሽቀዳደመ። ጃኔት በፈረንጆቹ 1929 የመጀመሪያውን የምርጥ ተዋናይት ኦስካር ስትቀበል፣ የተሸለመችበት ዝምታ ከገበያ እየወጣ ነበር። ሙርናውም በ1931 በመኪና አደጋ፣ በ42 ዓመቱ ተቀጨ። በ1937 የፎክስ የፊልም መጋዘን ሲቃጠል ዋናው ቅጂሽ አብሮ ነደደ፤ አንቺ በተባዛ ቅጂ ተረፍሽ።

እህቶችሽ አልተረፉም። ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ከ10ሩ 7ቱ ጠፍተዋል። «አራት ሰይጣኖች»ም ጠፋ፤ ያው ሙርናው፣ ያችው ጃኔት፣ በአየር ላይ የሚወረወሩ የሰርከስ ልጆች ፍቅር። ፎቶግራፎቹ ቀሩ፤ ፊቷ አለ፣ ሲንቀሳቀስ ግን የለም።

እኔ እኮ ብዙ አልተመኘሁም። በጥር፣ ሠርጉ በሚበዛበት ሰሞን፣ መካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር ነጭ አቡጀዴ ተወጥሮ፣ ያኔ በሰው አገር ፒያኖ ይመታ እንደነበረ የእኛ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከጎን ተቀምጦ፣ ያን የጠፋውን «አራት ሰይጣኖች» ማየት። ቃል ባይነግሩትም የጃኔትን ፊት እያየ ይከተላት ነበር። አቡጀዴው ይገኛል፤ ማሲንቆም ሞልቷል። ያቺ የጠፋችው እህትሽ የት ገባች፣ እታለም? በማን ምድር ቤት፣ በየትኛው ዝገት በበላው ቆርቆሮ ውስጥ ተኝታ ይሆን?