ያላረድናቸው በጎች

ሚያዝያ 8 ቀን 2015 ፋሲካ ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካችን ከረመዳን መጨረሻ ጋር ገጠመ፤ ዒድ አልፈጥር የዋለው በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ ነው። ይህን ቆጠራ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ትዝም አላለኝ። እኛ የደብረ ብርሃን የወንጌል አማኝ ወጣቶች ብር አዋጥተን ሁለት የመንዝ በጎች ስንገዛ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን ከተጠለሉት መካከል ብዙ ሙስሊሞች እንዳሉ፣ እነሱም ጾም ላይ እንደሆኑ ያስታወሰ አልነበረም።

ያሰብነው በጎቹን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አርደን፣ ወጡን በጎላ ሠርተን፣ በምሳ ሰዓት ተፈናቃዮቹ ወደተጠለሉበት ቻይና ካምፕ ልናደርስ ነው። እኔ ደግሞ ትራክት ይዣለሁ። ከምግቡ በፊት አሥር ደቂቃ እንድናገር ተፈቅዶልኝ፣ ሌሊቱን በኤፌሶን ምዕራፍ 2 ላይ ስዘጋጅ አደርኩ፤ መዳን በጸጋ እንደሆነ፣ በእምነት እንጂ በሥራ እንደማይገኝ፣ ማንም የሚመካበት እንደሌለው።

ጠዋት ቢላ ስንስል ጋሼ መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። የተወለዱት ከከተማችን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው በአንኮበር ነው፤ ከቁልቁለቱ ሥር ካለው ከአልዩ አምባ ገበያ የሚወጡ ሙስሊም ነጋዴዎች በሚያርፉበት ቤት ነው ያደጉት። «ለማን ነው?» አሉ። ነገርናቸው።

«ታዲያ ክርስቲያን ያረደውን እንዴት ይበላሉ? ለዚያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በጾማቸው?»

አንዱ ጓደኛችን «የሚበላ ይበላል፣ የማይበላ ይተወዋል» አለ። ጋሼ አልተቆጡም። እናታቸው ለአልዩ አምባ እንግዶች ብቻ የሚያስቀምጡት ድስት እንደነበራቸው፣ እንግዶቹ ሥጋ ሲያምራቸውም በጉን ከነነፍሱ አስረክበው «እንደ ወጋችሁ እረዱ» ይሏቸው እንደነበር አጫወቱን። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ትራክት አዩት።

«ልጄ፣ አንተ ጸጋውን በስንት ገዛኸው?»

ይህ ጥያቄ ዛሬም ይቆረቁረኛል። መዳን በነጻ መሆኑን ሳጠና ያደርኩ ሰው፣ ሲነጋ ለተራበ ሰው ወጥ በስብከት ልሸጥ ነበር። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ምን ይዞ ቀረበ? ጾም አልነበረው፣ ምጽዋት አልነበረው። አስበኝ አለ፣ አመነ፣ ገነት ገባ። እኔም የገባሁት በዚያው በር ነው። ታዲያ ባላመነ ሰው ላይ ደረቴን የምነፋው በምኔ ነው?

የከተማችንም ታሪክ በእምነት ሰበብ በሌላው ላይ ከመነሳት ሩቅ አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው፤ ይህን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ብርሃኑ ታየ የተባለው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በእምነታቸው ሰበብ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ መሆኑን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የከተማዬን ስም ስጠራ እነዚያ የተወገሩት ሰዎች ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ።

ያን ቀን የጋሼን ነገር ሰምተን፣ ከሳቸው ጋር በጎቹን በገመድ እየሳብን፣ ቀን ሲበርድ ወደ ካምፑ ሄድን። ትራክቱን ቤት ተውኩት። አንድ አዛውንት ገመዱን ስናስጨብጣቸው መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ሲገባቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንዱን በግ ወደ ቂብላ አዙረው፣ «ቢስሚላህ» ብለው አረዱት። ሁለተኛው ለዒድ ይቆይ ተባለ።

መግሪብ ደረሰና ሰዎቹ አፈጠሩ። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰረስራል፤ ጋሼ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት እናት «የኛን እርድ እናንተም አትበሉም፤ ቡና እንኳ ጠጡ» አለችን። ያሏት ሁለት ስኒዎች ናቸው፤ አንዱ ከንፈሩ ተሸርፏል። እያለቀለቀች በተራ አጠጣችን። የኔ ተራ ሲደርስ ስኒውን እንደያዘች «እናንተ ልጆች፣ ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሌሊት ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «ምንም አንፈልግም፣ እናቴ። ጌታ ኢየሱስ ሳይገባኝ በነጻ ይቅር ብሎኛል። በነጻ ያገኘሁትን እንዴት ብዬ ላስከፍል?» አልኳት።

«አላህ ይስጥህ» አለችና ስኒውን ሰጠችኝ። አልተከራከረችኝም፤ አመንኩም አላለችኝም። ያመንኩትን አልደበቅኳትም፤ ቡናዋንም እስከ በረካው ጠጣሁ። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳታለሁ።

ከወር በላይ ቆይቶ ያቺው እናት ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። የበጉን ቆዳ ወጥራ፣ አድርቃ፣ አልፍታ አጎዛ አድርጋዋለች። «ባዶ መሬት ላይ ለተቀመጡት አባት ስጡልኝ» አለች። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ተንበርክከው የሚጸልዩት በዚያ አጎዛ ላይ ነው።