ወዲያ ማዶ ያለው ጆሮ

እናቴ የምትኖረው ደሴ ነው፤ እኔ አዲስ አበባ። ለዓመታት የቆየ አንድ ልማድ አለን። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ስገባ እደውልላታለሁ፣ ሰፈሬ እስክደርስ እናወራለን። የሽንኩርት ዋጋ፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ የልጆቹ ውጤት፣ ሌሊት ያየችው ሕልም ሳይቀር። እርስዎም እንዲህ ያለች ሰዓት ትኖርዎት ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ግን ወሬያችን እያጠረ መጣ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ «በይ፣ ደክሞሻል፤ ቸር እደሪ» ትለኛለች። «ኧረ አልደከመኝም እማዬ» እላለሁ። «ይሁን ልጄ፣ ነገ እናወራለን» ትልና ትዘጋዋለች። እውነቱን ልንገርዎት፤ ዕድሜዋ ነው፣ ረጅም ወሬ እየሰለቻት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ጉዱን ያወጣው፣ ለፋሲካ ደሴ ስሄድ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። «እማ እኮ በአንቺ አዝናለች» አለኝ። «ድምፅሽ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፣ ግማሹ አይሰማትም። ልቧ ሌላ ቦታ ነው፣ ለግዴታ ነው የምትደውልልኝ ትላለች።» በዚያ መሃል ሁለት ጊዜ ራሷን አዙሯት እንደነበር፣ ደም ግፊቷ ጨምሮ መድኃኒት እንደጀመረችም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «‹እ? ምን?› እየተባባልን እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?» አለችኝ።

ወዲያው ከግቢው ወጥቼ ዋናው መንገድ ዳር ቆምኩና ሁሌ በምጠቀምበት ገመድ አልባ ማዳመጫ ደወልኩላት። ቀጥሎ ማዳመጫውን አጥፍቼ በስልኩ በራሱ ደወልኩ። ስመለስ እናቴ እየሳቀች «ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ የመጀመሪያዋን አላውቃትም» አለችኝ።

ገመድ የሌለውን ማዳመጫ ሁሉ «ኤርፖድ» ማለት ለምደናል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምርት ስም ለሁሉም ሆኖ ቀርቷል። የእኔው ግን ከአፕል ጋር ዝምድና የለውም። 1,200 ብር የከፈልኩበት፣ መክደኛው ሲከፈት ስልኬ ላይ ሥዕል ብቅ የሚልለት ነጭ ነገር ነው። ሻጩ ዘፈን ከፍቶ አሰማኝ፣ ቤዙ ደስ አለኝ፣ ገዛሁት። አብዛኞቻችን የምንገዛው እንዲህ ነው፤ የምንፈትነው በራሳችን ጆሮ ነው። ስልክ ስናወራ ግን ድምፃችንን የሚወስደው ማይኩ ነው፣ የእሱ ሥራ ደግሞ ለእኛ አይሰማንም። መጥፎ ከሆነ የሚቀጣው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ነው፤ እሱም በይሉኝታ ዝም ይላል።

ከዚያ በኋላ ያላነበብኩት፣ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ባለቤቴ «መኪና ልትገዢ ነው እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ብሉቱዝ ሙዚቃንና ስልክን የሚያስተናግደው በተለያየ መንገድ መሆኑ ነው። ሙዚቃ ከስልኩ ወደ ጆሮ ብቻ ስለሚሄድ ሰፋ ባለ ጥራት ይላካል። ስልክ ሲሆን ግን ድምፅ መሄድም መምጣትም አለበት፤ ያን ጊዜ በብዙዎቹ ማዳመጫዎች ላይ ጥራቱ በአንድ ጊዜ ዝቅ ይላል። የቆየው አሠራር ድምፅን የሚለካው በሰከንድ 8 ሺህ ጊዜ ነው፣ የተሻሻለው 16 ሺህ ጊዜ፤ ለሙዚቃ የተለመደው ግን ከ44 ሺህ በላይ ነው። ዘፈን እየሰሙ ስልክ ሲያነሱ ድምፁ ድንገት የቆርቆሮ የሚመስልዎት ለዚህ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የሰሙት ዘፈን ስለ ስልኩ ምንም አይመሰክርም። ካርቶኑ ላይ «ብሉቱዝ 5.3» ተብሎ መጻፉም ስለ ማይኩ የሚነግርዎት ነገር የለም።

ሌላው፣ ሻጮች «ኖይዝ ካንስሊንግ» የሚሉት ቃል ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ኤኤንሲ የሚባለው ለእርስዎ ጆሮ ነው፤ የሞተሩን ጉምጉምታ ይቀንስልዎታል። ኢኤንሲ የሚባለው ግን ለሚያነጋግሩት ሰው ነው፤ ድምፅዎን ከጫጫታው ለይቶ ለመላክ ይሞክራል። ገንዘብዎ ውስን ከሆነና ዋናው ጉዳይዎ ስልክ ከሆነ ለመጀመሪያው ብለው አይጨምሩ። ሁለተኛውም ቢሆን ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይመኑት፤ ርካሹ ሲያጣራ የረዳቱን ጩኸት ከእርስዎ ቃል ጋር አብሮ ይበላዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚበጀው ቀላል ነገር ነው፤ ማይኩ ለአፍ መቅረቡ። ጆሮ ውስጥ ገብታ የምትቀር ባቄላ የምታህል ማዳመጫ ማይኳም እዚያው ጆሮ ላይ ነው። ወደ ታች ዘንግ ያላት ትንሽ ትሻላለች። እንደ ጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ማይኩ ወደ አፍ የሚዘረጋ ከሆነ ደግሞ ለወሬ የሚስተካከለው የለም፤ ግን ታክሲ ውስጥ ያንን አድርጌ ልታይ አልደፈርኩም። አንገት ላይ የሚጠለቀው ዓይነት መሃል ቤት ነው። ማይኩ ብዙ ጊዜ አንገትጌ አካባቢ ይሆናል፣ ባትሪውም ተለቅ ይላል፣ ጆሮ ላይ ያለው ቢወድቅ እንኳ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ አንዷን ጆሮ ታክሲ ወንበር ሥር ስፈልግ ወራጅ አልፎኝ ያውቃል።

እነዚህን ይዤ መርካቶና መገናኛ ዞርኩ። መሞከር የሚፈቅድ ሱቅ ማግኘት ቀላል እንዳይመስልዎት፤ «ከተከፈተ ተሸጠ» የሚሉ ብዙ ናቸው። በመጨረሻ አንድ ትዕግሥተኛ ልጅ አገኘሁና ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። ከሱቁ ደጃፍ፣ ረዳቶች ከሚጣሩበት አጠገብ ቆሜ በየተራ ለእናቴ ደወልኩ። ድምፄን ስልኬ ላይ ቀርጬ መስማት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አንዳንድ ስልክ ማዳመጫው ተገናኝቶም የሚቀርጸው በራሱ ማይክ ነው፣ ሊያታልል ይችላል። ሰው ዘንድ መደወል ይሻላል፤ በተለይ በይሉኝታ የማያልፍ ሰው ዘንድ። እናቴ ያን ቀን ዳኛ ሆነች። «ይሄ ይቅር» አለች ለመጀመሪያው። ለሁለተኛው «ታክሲ የሚጠራውን ልጅ ነው የሚያሰማኝ፣ አንቺ የት ነሽ?» አለች። በሦስተኛው ስለ ዋጋው ትጠይቀኝ ጀመር፤ 1,900 ብር መሆኑን ስነግራት «አስቀንሺው!» ብላ ጮኸች። ልጁም ሰምቶ ሳቀ፣ መቶ ብር ቀነሰልኝ።

አንገት ላይ የሚጠለቀው ነው። የ12 ዓመቷ ልጄ ስታየው «እማዬ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው» አለች። ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ጃኬቴ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፣ ዘፈኑም የድሮውን ያህል አይደለም። ስለ ባትሪ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን ሰዓትም አምነው አይቁጠሩ፤ ለሙዚቃ የተሰላ ነው፣ ስልክ ሲያወሩበት ቶሎ ያልቃል። ባለ ሣጥኖቹ ላይ ደግሞ «24 ሰዓት» የሚለው ሣጥኑ ደጋግሞ የሚሞላውን ጨምሮ ነው።

አሮጌውን ነጭ ማዳመጫ ልጄ ወረሰችው። ለሙዚቃ ምንም አይልም ብዬ ሰጠኋት፤ ሳሎን ተቀምጣ ዘፈኗ ከጆሮዋ አልፎ ለእኔ ሲሰማኝ ነው የደነገጥኩት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ለአዋቂ በሳምንት ለ40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ነው፤ ለልጆች 75። ይህን ዴሲቤል የሚባል ነገር ቤት ውስጥ የምንለካበት የለንም፤ የስልኳን ድምፅ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ከፍተኛውን ገደብኩት። ከማዳመጫው ጋር ከመጡት ሦስት ዓይነት ጎማዎችም ለጆሮዋ የሚገጥመውን መረጥንላት። ጎማው በደንብ ሲገጥም የውጪው ጫጫታ ስለሚቀንስ ድምፅ ለመጨመር አያስቸኩልም። መንገድ ስትሻገር አንዱን ጆሮ እንድታወልቅ ነግሬያታለሁ፤ ታደርገው አታደርገው አላውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ እንደ ልማዴ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ደወልኩ። «እማዬ፣ እንደምን ዋልሽ?» ከማለቴ እናቴ «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» አለችኝ። ጠዋት ጉሮሮዬን ትንሽ ከክኮኝ ነበር፤ ቢሮም ቤትም ለማንም አልተናገርኩም። «ከምኔ አወቅሽ?» ብላት መልስ አልሰጠችኝም። ዝንጅብሉን እንዴት እንደማፈላው ስትነግረኝ ሰፈሬ ደረስኩ፤ ከወረድኩ በኋላም እስከ በራችን ድረስ አልጨረሰችም ነበር።