ወንዛዬ ምን ለብሳችሁ ትገባላችሁ? ምን ለብሳችሁስ ትወጣላችሁ?

እኛ የደብረ ታቦር ልጆች ስለ ብርድ አስተማሪ አያስፈልገንም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ደግሞ ውርጩን እየላከ ያስታውሰናል። ታዲያ ወገብ ሲያመን ወይም ሽርሽር ሲያምረን ቁልቁል ወደ ጉማራ ወንዝ፣ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ እንወርዳለን። ሳሙናውና ዳቦው አይረሳም። ልብሱስ?

ነገሩን ያነሳሁት በአንድ ወዳጄ ምክንያት ነው። ውጭ አገር ያለች እህቱ፣ ጠላቂዎች የሚለብሱትን ገላ ላይ ጥብቅ የሚል ጥቁር የላስቲክ ልብስ ላከችለት። «ወንዛዬ ለብሼው ገብቼ ሰው ጉድ ይበል!» አለኝ። «ተው ወንድሜ፣ ትቀቀላለህ!» አልኩት። ሳቀብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

እስቲ ልብ በሉ። ውሃ የገላን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ለዚህም ነው ሂዩ ብራድነር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1952 ለባሕር ኃይል ጠላቂዎች ብሎ ይህን ልብስ የፈጠረው። የሚሠራው ኒዮፕሪን ከተባለ ላስቲክ ሲሆን በውስጡ የታጨቁት ጥቃቅን አረፋዎች ሙቀቱን ይይዙታል። ምርጫው በውፍረት ነው። ውሃው 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። 15 አካባቢ ከሆነ 5፣ ከ10 በታች ከወረደ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሞቅ ባለ ውሃ ግን የዋና ልብስ ብቻውን ይበቃል።

ፍል ውሃ ላይ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። ገላችን 37 ዲግሪ ነው። ውሃው ከዚያ ከበለጠ ሙቀቱ ወደ እኛ ይገባል እንጂ ከእኛ አይወጣም። የቀረችውን መተንፈሻ በላስቲክ ስንዘጋት ምን ይተርፈናል? ያለ ላስቲክም ቢሆን ሙቀቱ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል። አክስቴ ከአንድ ፍል ውሃ ብድግ ሲሉ ራሳቸውን ስተው ግንባራቸው ሲፈነከት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ለወንድ ስስ ቁምጣ፣ ለሴት ስስ የጥጥ ቀሚስ በቂ ነው። ብዙ አትቆዩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ስትነሱም ቀስ በሉ። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመምተኞች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ትልቁ ጣጣ ግን ያለው ስንወጣ ነው። ብዙዎቻችን እርጥቡን ልብስ ከላይ በጃኬት ሸፍነን ሽቅብ እንሳፈራለን። መኪናው ዳገቱን በወጣ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ ጥጥ ደግሞ ገላ ላይ ተጣብቆ ሙቀት ይመጠምጣል። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ወደር የለውም፣ ሲረጥብ ግን ሸክም ነው። አባቶቻችን በርኖስ ሲደርቡ ያውቁበት ነበር፤ ሱፍ ቢረጥብም እንኳ ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም።

ስለዚህ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና ጋቢያችሁን በፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ። ካገኛችሁ የሱፍ ሹራብ ጨምሩበት። ፀጉራችሁን ሳታደርቁ መኪና አትሳፈሩ። ይኼ ሁሉ ከውጭ አገር የሚላክ ሳይሆን ከቤታችሁ የማይጠፋ ነው።

ወገባችንን ልናድን ወርደን ሳል ሸምተን አንመለስ። መልካም ሽርሽር!