«ታተመ ወይ?»

አባቴ በሕይወት ሳሉ ሠላሳ ዓመት ያህል የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ፊርማና ማኅተም የሌለበትን ወረቀት፣ የቱንም ያህል ቁም ነገር ቢጻፍበት፣ ከወሬ አያስበልጡትም ነበር። እኒህን ሰው በወዳጆቻቸው ፊት ያሳፈርኳቸው እኔ ልጃቸው ነኝ፤ ያሳፈርኳቸውም የአሜሪካንን ቴሌቪዥን አምኜ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 2000 ሌሊት ነው። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን አጠገብ ቀን እየተማርኩ፣ ሌሊት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራ ነበር። በጠባቧ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረችና፣ የጆርጅ ቡሽና የአል ጎር ምርጫ ውጤት የሚነገርበት ሌሊት ስለ ነበረ ዓይኔን ከእርሷ ላይ አላነሣሁም። ለምሽቱ 2 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጣቢያዎቹ «ፍሎሪዳን ጎር ወሰዱ» አሉ። (የፍሎሪዳ ምዕራባዊ ጫፍ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እዚያ ያለው ሕዝብ ገና ድምፅ በመስጠት ላይ ነበር።) ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ደግሞ ቃላቸውን መለሱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ሲሆን ፎክስ የተባለው ጣቢያ «ፍሎሪዳም ፕሬዚዳንትነቱም የቡሽ ነው» ሲል፣ ሌሎቹም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተከተሉት።

እኔም አላቅማማሁም። በአገር ቤት ረፋድ ነውና የስልክ ካርዴን ፍቄ ደወልኩ።

«አባባ፣ ቡሽ አሸነፈ!»

«ማን አለ?»

«ቴሌቪዥኑ።»

«እርሱስ ይበል፤ መንግሥቱስ ምን አለ?»

መልስ አልነበረኝም። «እዚህ አገር እንዲህ ነው» ብዬ አለፍኩት። እርሳቸውም ልጃቸውን አምነው፣ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር ቡና ወደሚጠጡበት ቤት ሄደው «ልጄ ከዚያው ሆኖ ነገረኝ» ሲሉ አወሩ። ማታ ግን ጓደኞቻቸው ሁሉ የአሜሪካን ድምፅ ራዲዮ በአማርኛ አሸናፊው ገና አልታወቀም ሲል ሰሙ። በማግሥቱ አንደኛው «የልጅህ ፕሬዚዳንት እንዴት አደሩ?» አሏቸው ይባላል። ለእኔ ይህን የነገረችኝ እኅቴ ናት፤ እርሳቸውማ አንድም ቀን አላነሡብኝም።

የስሕተቱ ምንጭ በኋላ ተገለጠ። ጣቢያዎቹ ቁጥራቸውን የሚያገኙት ተባብረው ካቋቋሙት ከአንድ ድርጅት ስለ ነበረ፣ ምንጩ ሲደፈርስ ሁሉም የጠጡት ድፍርሱን ነው። ቮሉሲያ በምትባል ወረዳ በቆጠራ ስሕተት ከጎር ላይ ከ16 ሺህ የሚበልጥ ድምፅ ተቀንሶ ነበር። ጎር ራሳቸው እንኳ ዜናውን አምነው ለቡሽ በስልክ ደስታቸውን ከገለጹ በኋላ፣ ሽንፈታቸውን ለሕዝብ ሊናገሩ በናሽቪል ከተማ ሲጓዙ ነው ረዳቶቻቸው ደርሰው ያስቆሟቸው። ሁለተኛ ደውለው የፊተኛውን ቃላቸውን አነሡ። እጩው ራሱ የተታለለበትን ነገር አንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ቢታለልበት ይፈረድበታልን? እኔ ግን በራሴ ላይ ፈረድኩ።

የአባቴ ጥያቄ ስለ ከነከነኝ በማግሥቱ መጻሕፍት ቤት ገብቼ ፈለግሁ። ለካ በአሜሪካን አገር የምርጫው ሌሊት የመላውን አገር ድምፅ ደምሮ «እገሌ አሸነፈ» የሚል የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም! ምርጫውን የሚያካሂደው እያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ነው። የየግዛቱ ወኪል መራጮች በዲሴምበር ድምፃቸውን ይሰጣሉ፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች አባሎችም በጃንዋሪ 6 ቀን በአንድነት ተቀምጠው ይቆጥሩታል። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ሁለት ወር ያልፋል፤ ሁለት ወር የሚታገሥ ሕዝብ ደግሞ ከወዴት ይገኛል? ስለዚህ ክፍቱን ወንበር ጋዜጠኞች ተቀመጡበት። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ከ1848 ጀምሮ ድምፅ ሲደምር ኖሯል። በዚያ ሌሊት «ቡሽ አሸነፉ» ከማለት የተቆጠበውም እርሱ ነው፤ ነገር ግን ጫጫታ በበዛበት ቤት ዝም ያለውን ሰው ማን ልብ ይለዋል?

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ስደውል አባቴ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ታተመ ወይ?» ጋዜጣውስ ታትሟል፤ ያውም አንዳንዱ «ቡሽ አሸነፉ» ብሎ በዚያው ሌሊት ታትሟል። በ1948ም የቺካጎ ዴይሊ ትሪብዩን ዲዊ ትሩማንን አሸነፉ ብሎ አትሞ፣ ያሸነፉት ትሩማን ጋዜጣውን ከፍ አድርገው ይዘው እየሳቁ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። እርሳቸው ግን የሚሉት ማኅተሙን ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ነገሩን የቆረጠው ዲሴምበር 12 ቀን ነበር፤ በፍሎሪዳ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው ድምፅ ሰጥቶ ልዩነቱ 537 ሆነ።

ያ የችኮላ ስሕተት ነበርና ይቅር ይባላል እላለሁ። ይቅር ለማለት ያቃተኝ አባቴ ካረፉ በኋላ በ2020 ያየሁት ነው። ያው ፎክስ ከሌሎቹ ቀድሞ አሪዞናን ለባይደን ሰጠ፤ ልዩነቱ 10,457 ብቻ ቢሆንም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ተመልካቾቹ ግን እውነቱን ስለ ነገራቸው ተቆጡ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ስለ ድምፅ መስጫ መሣሪያዎች የሐሰት ወሬ አስተላለፈና በመሣሪያዎቹ ባለቤት ተከሶ በ2023 ከ787 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በክሱ ምክንያት ይፋ የወጡት የውስጥ መልእክቶች ኃላፊዎቹ ተመልካች እንዳይሸሻቸው ምን ያህል ይሰጉ እንደ ነበር ያሳያሉ። እኛ ጋዜጠኛ የሚፈራው ሹም ብቻ ይመስለን ነበር፤ የገዛ ደንበኛውን የሚፈራ ጋዜጠኛ ግን የሚሸሸግበት እንኳ የለውም።

በዚያ ዓመት ኖቬምበር 7 ቀን፣ ጣቢያዎቹ ባይደን ማሸነፋቸውን ሲናገሩ ዋሽንግተን በመኪና ጥሩምባ ተናወጠች። እኅቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «አሸነፉ አይደል?» ስትለኝ «ገና አልታተመም» ብያት ሳቀችብኝ። እኔም ስቄአለሁ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ማኅተሙ ሊመታ በተቀጠረበት ሰዓት ሕዝብ ምክር ቤቱን ሰብሮ ሲገባ ባየሁ ጊዜ ግን ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። እንደ ራሴዎቹ ተመልሰው ቆጠራውን የፈጸሙት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። በአገር ቤት የገና ዕለት ረፋድ ነበር። ስልኩ ጮኸ። እኅቴ እንኳን አደረሰህ ሳትለኝ፣ ሳትስቅም፣ «ታተመ ወይ?» አለችኝ።