ምጣድና ሰፌድ

ሹም አቦ ካለው ቤታችን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ለሊኑክስ የሜሞሪ አያያዝ የጻፍኩት ኮድ ኮምፒዩተሬን ቀጥ ያደርገዋል፤ ጥፋቱን አይናገር።

እናቴ ቡና ይዛልኝ ገባች። «ምን ሆንክብኝ?»

«አንዱ ሥራ የአድራሻውን ቁልፍ ይዞ የገጹን ይጠብቃል፤ ሌላው የገጹን ይዞ የአድራሻውን። አንዷ ምጣድ፣ ሌላዋ ሰፌድ ይዘው ሲፋጠጡ በይው።»

«ታዲያ ሁለቱም አስቀድመው ምጣዱን አይጠይቁም?»

አፈርኩ። የአድራሻው ቁልፍ እንደሚቀድም ከሊኑክስ ፋይሎች በአንዱ አናት ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣውን የቁልፍ ተቆጣጣሪ፣ ሎክዴፕን፣ ያጓትታል ብዬ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ። ባበራውም የገጽ ቁልፍ አይከታተልምና ዝም አለ። ኮዴን መልሼ ሳነብ የገዛ መስመሬን አገኘሁ፤ ገጹን ቆልፌ ከተጠቃሚው ሜሞሪ የምገለብጥበትን። ቅጂውን አስቀደምኩ፣ ቁልፉን አስከተልኩ።

ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። እንዲያውም ጠጣሁት።