ሳነቴን በሁለት ጎማ

በአገራችን ሞተር ብስክሌት የሥራ ዕቃ ነው። የግብርና ባለሙያው ገበሬው ዘንድ ይደርስበታል፤ የጤና ሠራተኛው የክትባት ሣጥኑን ከኋላ አስሮ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞርበታል፤ በየገጠሩ ከተማ ሥራ ያጣው ወጣት ሰው እያፈናጠጠ የዕለት እንጀራውን ያገኝበታል። «አገር ለማየት ነው» ብሎ ስድስት ቀን ሙሉ ሞተር ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን በሕዝቡ ግምት ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ጤና የጎደለው ነው። እኔና ጓደኛዬ ፈረንጆች አይደለንም።

ፈረንጆቹማ ቀድመውናል። ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን የተባሉት ተዋናዮች በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ በሞተር ሲጓዙ ኢትዮጵያን አቋርጠው አልፈዋል። እነሱ ግን ዕቃ የጫኑ መኪኖችና የፊልም ቡድን አብሯቸው ነበር። እኛን ከኋላ የሚከተለን የያማሃዬ ጭስ ብቻ ነው።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በ2011 ዓ.ም. መስከረም ነው። ያን ሰሞን የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር በዛላምበሳና በቡሬ ተከፍቶ፣ ሃያ ዓመት የተለያየ ዘመድ አዝማድ መንገድ ላይ እየተቃቀፈ ሲላቀስ በቴሌቪዥን እናያለን። ጓደኛዬ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝቶ መጣ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ደሴ፣ መቀሌ፣ ዓዲግራት፣ ዛላምበሳ፣ አሥመራ ብለን ጻፍን። ደፈር ብለንም ምጽዋን ጨመርንበት። ታኅሣሥ ላይ ዛላምበሳን ያለ ፈቃድ ማለፍ ቀረ፤ ገጹም በአንድ ሰያፍ መስመር ተሰረዘ።

ሁለተኛው ገጽ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ጎጃምን አቋርጦ፣ ጎንደር አድሮ፣ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ሽሬና አክሱም የሚያደርስ ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ገባ። እሱ ይለፍልን ብለን ስንጠብቅ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ሦስተኛውን ገጽ የጻፍነው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ወልድያ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ። በዚያው ዓመት ሐምሌ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ። እሱም ተሰረዘ።

ጓደኛዬ ገጾቹን እንቅደዳቸው ሲለኝ እምቢ አልኩት። ይቆዩ። በእኛ ደብተር ላይ የተሰረዘው ሽርሽር ነው፤ በእነዚያ መንገዶች ዳር ቤቱን ለሠራ ሰው የተሰረዘበት ሌላ ነውና የእኛን ቁጭት ማስረዘም ያሳፍራል። ብቻ ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ካርታው ላይ የተነካ ነገር የለም። ያው መስመር፣ ያው ኪሎ ሜትር፣ ያው የተራራ ጥላ ነው። ካርታ መንገድ መኖሩን እንጂ መንገዱ መሄጃ መሆኑን አይናገርም።

አራተኛው ገጽ ባሌ ነው።

ባሌን የመረጥነው ለሳነቴ ስንል ነው። ከጎባ በላይ ያለው ይህ አምባ ወደ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ ሲሆን፣ የሚያቋርጠው የጠጠር መንገድ በአፍሪካ ከሁሉ ከፍ ብሎ ከሚያልፉት አንዱ ነው። ከመንገዱ አጠገብ ቱሉ ዲምቱ በ4377 ሜትር ቆሟል። ጅብራው፣ ከጉድጓዱ ብቅ ጥልቅ የሚለው ፍልፈል፣ እሱን የሚያደባው ቀይ ቀበሮ ሁሉ እዚያው ናቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከአምስት መቶ የማይበልጥ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ያለው በባሌ ተራሮች ነው። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ጓደኛዬ ዜናውን ከጋዜጣ ቆርጦ ደብተሩ ላይ ለጠፈው። አምባው ካለቀ በኋላ መንገዱ በአንድ ጊዜ ወደ ሐረና ጥቅጥቅ ደን ይወርዳል፤ ደኑ ውስጥ ቡና ሳይተከል ይበቅላል፣ የንብ ቀፎ ከዛፍ ላይ ይሰቀላል። ጠዋት በብርድ የደነዘዘ እጅ ከቀትር በኋላ ዶሎ መና ላይ ከ1500 ሜትር በታች ወርዶ በላብ ይጠመቃል። ከጎባ እስከ ዶሎ መና 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና መስኮቱን ዘግተህ ብትሄድ መልክዓ ምድር አየሁ ትላለህ፤ በሞተር ግን ብርዱንም ሙቀቱንም ትቀምሰዋለህ። እኔ የምፈልገው ይኸንኑ መቅመሱን ነው።

እዚያ ለመድረስ ግን መጠየቅ አለ። ባሌም ቢሆን ዝም ብሎ ተነሥቶ የሚኬድበት አገር አይደለም፤ ዛሬ የትኛውስ ነው? አንድ እሑድ ጠዋት ወደ እህል በረንዳ ሄድን። የአርሲና የባሌ ስንዴ የጫኑ አይሱዙዎች ሲራገፉ ሹፌሮቹ ሻይ ይጠጣሉ። ከመሀላቸው ጠና ያሉትን መርጠን ቀረብን።

«ጋሼ፣ የባሌ መንገድ እንዴት ነው?» አልኩ።

«የቱ? የጠዋቱ ነው የማታው?» አሉኝ።

እኔ ስለ አንድ መንገድ ነበር የምጠይቀው። እሳቸው ግን ሁለት መንገድ ያውቃሉ። የጠዋቱን በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩን፤ ኮምባይነር ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛወር አስፋልቱን ሙሉ ይዞ የሚመጣበትን፣ በገበያ ቀን አህያና ፈረስ መንገዱን የሚሞላበትን፣ ጉም የማይገለጥበትን ዳገት። ስለ ማታው አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው፤ «አትሂዱ።» ከዚያ ደግሞ ይጠይቁን ጀመር።

«ምን ጭናችሁ ነው የምትሄዱት?»

«ምንም። አገር ለማየት ነው።»

የእኔን ጎማ አየት አድርገው፣ «ጭነት ከሌላችሁ ታዲያ ምን ያስቸኩላችኋል?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዕቅዳችን ተገለበጠ። እስከዚያ ድረስ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደምንሄድ ነበር የምናሰላው። አሁን የምናሰላው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት የት እንደምንገባ ነው። የመግቢያውን ሰዓት ከቆረጥክ የቀረው ራሱ ይመጣል፤ መነሻው፣ ምሳው፣ ጎማ ቢፈነዳ የሚጠፋው አንድ ሰዓት፣ ፎቶግራፍ ሲባል የሚባክነው ሁሉ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። መጀመሪያ አራት ቀን ብለነው የነበረው ጉዞ ስድስት ቀን ሆነ። የመጀመሪያው ቀን በአሮጌው መንገድ በሞጆና በአዳማ አሰላ ላይ ያልቃል፤ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለጅቡቲ ተሳቢዎች መንገድ መልቀቅ ሲታከልበት ይበቃል። በሁለተኛው ቀን ደራርቱ ቱሉንና ጥሩነሽ ዲባባን ባበቀለው በቆጂ አድርገን፣ በዶዶላና በአዳባ አልፈን ዲንሾ እንገባለን። በቆጂ ላይ ልጆች ከሞተራችን ጎን ይሮጣሉ ብዬ እገምታለሁ፤ እንዳይቀድሙን ነው የምሰጋው።

ስለ ሞተሮቹ ልናገር። የጓደኛዬ ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር ነው፤ የእኔ ከአንድ የርዳታ ድርጅት ጨረታ የገዛሁት አሮጌ ቱ ስትሮክ ያማሃ። ሳነቴ የሚፈትነው ሁለቱንም ነው። ነገሩ የአየር ጉዳይ ነው። የባሕር ጠረፍን የአየር ግፊት መቶ ብንል፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ ሰባ አምስት ይወርዳል፤ ሳነቴ ላይ ከስድሳ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ እዚህ ቀጨኔ ዳገት የሚያወጣኝ ሞተር እዚያ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ገደማ ይጥላል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስምና ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ነዳጅ የሚለካውን ቀዳዳ በጠበበ እንለውጠው ወይ ብዬ መካኒኬን ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «ላይ ስትወጣ ደስ ይልሃል፤ ቆላ ስትወርድ ግን ነዳጅ አንሶት በሙቀት ታቃጥለዋለህ» አለኝ። በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ለሚወርድ ሰው የሚስማማ ልክ የለም። የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ ሁለት ትርፍ ካንዴላ ያዝ፣ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውጣ፤ ይኸው ነው።

ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ዳገቱ ሳይሆን የሐረና ቁልቁለት ነው። የቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ነው። ነዳጁን ዘግተህ በማርሽ ብቻ እያስያዝክ ረጅም ቁልቁለት ከወረድክ ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም፤ ውስጡ ይደርቅና ይነክሳል። ስለዚህ እየወረድክም ቢሆን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ነዳጅ መስጠት አለብህ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በእንጦጦ ቁልቁለት እየተለማመድኩ ነው። የሚያየኝ ሰው እየወረደ ነዳጅ የሚሰጥ ዕብድ ነው ሳይለኝ አይቀርም።

ቅዝቃዜውን ማቃለል አይቻልም። አምባው ላይ በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ዝናቡ ስለሚያባራ ታኅሣሥን መረጥን፤ ውርጩ ግን የታኅሣሥ ነው። ከጃኬት ሥር ጋዜጣ መደረብ የድሮ ብስክሌተኞች ብልሃት ሲሆን እስከ ዛሬ የሚበልጠው አላገኘሁም። መጽሔትም ሳይሆን አይቀርም።

የተቀረው ቶሎ የሚባል ነው። ካላማዳሪ፣ ልጥፍ፣ መንፊያ፣ ሽቦ፣ የሰንሰለት ማያያዣ። ቤንዚን በተገኘበት መሙላት፣ ገና ግማሽ አለኝ ብሎ ማደያ አለማለፍ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆኗልና የስልክ ባትሪ መሞት ከቤንዚን ማለቅ እኩል ነው፤ በሞተር ጉዞ ዝግጅት ላይ ይህን አስባለሁ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አብረን ደግሞ ጥቂት ኦሮምኛ እያጠናን ነው። ጓደኛዬ በሰላምታውና በምስጋናው ይጀምር፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የያዝኳት «ካራን ነጋ ዻ?» የምትለዋን ነው፤ መንገዱ ሰላም ነው? ማለት ናት። መልሱን መስማት ጥያቄውን ከማጥናት ይከብዳል። የሚመልስልህ ሰው «አዎ» እያለ ወደ መንገዱ ካላየ፣ ያ «አዎ» አይደለም። ይህንንም የነገሩን የእህል በረንዳው አዛውንት ናቸው።

በዚህ ዝግጅት መካከል ባለቤቴ ደብተሩን አንሥታ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ፣ «የምትመለሱበት ቦታ የት ተጽፏል?» አለች።

«ስድስተኛው ቀን ላይ፣ በሻሸመኔ በኩል።»

«እሱን አላልኩም። መንገዱ እምቢ ቢል የምትመለሱበትን ነው።»

አልተጻፈም ነበር። ቁጭ ብለን ለየቀኑ አንድ አንድ ጻፍን። አሰላ ላይ ስለ ዶዶላ የምንሰማው ካላማረን፣ ከአሰላ ወደ ቤት። አዳባ ላይ ከ8 ሰዓት በኋላ ከደረስን፣ እዚያው ማደር። ሳነቴ ላይ ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ካልወጣን ወይም ጉም ከያዘን፣ ወደ ጎባ። ማታ ማታ በ11 ሰዓት ስልክ፤ ካልደወልን ባለቤቴ የምትደውልላቸው የሁለት ሰው ቁጥር። ጓደኛዬ ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ። «ይኼ እኮ የጉዞ ዕቅድ ሳይሆን የመመለስ ዕቅድ ነው» አለ። አልካድኩም። ነገር ግን ሦስት ገጽ የሰረዝነው ሁሉ ወይ ሙሉውን እንሄዳለን ወይ እንቀራለን እያልን ነበር። በዚህኛው ገጽ በቆጂን ብቻ አይቶ መመለስም አለበት፤ እሱም ጉዞ ነው።

የምንጨቃጨቅበት አንድ ነገር ቀርቷል። ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚወስድ ጥርጊያ አለ። ጓደኛዬ በሞተር ካልወጣሁ ይላል፤ እኔ ደግሞ ሞተሩን ታች አቁመን በእግር እንውጣ ባይ ነኝ። የእሱ ቦክሰር ይወጣው ይሆናል። የእኔ ያማሃ መቼም የሚያደርገውን ያደርጋል።

ሹፌሩ ዛሬ ማታ ከሮቤ ስንዴ ጭነው ይገባሉ። ነገ ጠዋት ሻያቸውን ሳይጨርሱ ልንደርስባቸው ነው፤ ጓደኛዬ ደብተሩን ይዟል፣ እኔ እርሳሱን።